ከዓመታት በኋላ ወደ ተራራ ሳይክል፦ ከየት ይጀመራል?

ሳይክል መንዳት አይረሳም ይባላል። እውነት ነው። ጣጣውም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ሚዛን መጠበቅ አንዴ ከተለመደ አእምሮ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ይቆያል። ብዙ ዓመት ሳትነዱ ቆይታችሁ ኮርቻ ላይ ብትወጡ ጥቂት ትንገዳገዱና ከዚያ እጅ ፍሬኑን፣ እግር ፔዳሉን ራሱ ያገኘዋል። ደስ ይላል። ሳንባ፣ ወገብ፣ የእጅ አንጓና ጅማት ግን እንዲህ የሚያስታውሱት ነገር የላቸውም። ልባችሁ የድሮው ነው፤ ጉልበታችሁ የዛሬው። እኔ እንደማየው፣ ከዓመታት በኋላ የሚመለስ ሰው የሚጎዳው የድሮውን ፍጥነት በመጀመሪያው ቀን ስለሚፈልገው ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፦ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከምትችሉት በታች ንዱ።

መጀመሪያ ሰውነት

የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም ስኳር ካለባችሁ፣ ወይም ደረጃ ስትወጡ ደረታችሁን የሚያፍናችሁ ከሆነ፣ ሳይክሉን ከመነካካታችሁ በፊት ሐኪም አነጋግሩ። ዳገት ልብን በአጭር ጊዜ ውስጥ ከፍተኛ ሥራ ላይ ይጥላል። ሜዳ ላይ እንደፈለጉ ማቀዝቀዝ ይቻላል፤ ዳገት ላይ ካቀዘቀዙ መቆም ነው።

ጤነኛ ከሆናችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። ትንፋሽ ቶሎ ይሻሻላል፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ልዩነቱ ይታወቃል። ጅማትና መገጣጠሚያ የሚጠነክሩት ግን ቀስ ብለው ነው፤ ወራት ይፈልጋሉ። አንድ ወር ገደማ ሲሞላ "አሁንማ ተመለስኩ" የሚል ስሜት ይመጣል። ያኔ ነው መጠንቀቅ። ሳንባው ዝግጁ ሆኖ ጉልበቱ ገና ነው።

ቤት ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን ቁጭ ብድግ፣ ፑሽአፕና ፕላንክ ሥሩ። ተራራ ሳይክል ላይ ቁልቁለት የሚወረደው ፔዳል ላይ ቆሞ፣ ጉልበትና ክርን ታጥፎ ነው። እስቲ አሁን ጉልበታችሁን ትንሽ አጥፋችሁ አንድ ደቂቃ ቁሙ። ጭናችሁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ ረጅም ቁልቁለት ምን እንደሚያደርጋችሁ መገመት አያቅትም።

የቆመውን ሳይክል መፈተሽ

አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። የምትወዱት መንገድ ምን ዓይነት እንደሆነ ገና አታውቁም። ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣ ሳይክል ካለ እሱን አውጡ፤ ከሌለ ተዋሱ ወይም ተከራዩ።

የቆመ ሳይክል በደንብ ሳይታይ አይነዳም። መጀመሪያ እጠቡት። ጭቃና አቧራ ስንጥቅ ይደብቃል። ከዚያ ብርሃን ባለበት ቦታ አካሉን በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ተመልከቱት፤ በተለይ ብየዳዎቹ ዙሪያና መሪው ከአካሉ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ። አሉሚኒየም ሲሰነጠቅ ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይታያል። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ምርመራው እዚያው ያብቃ፤ ያ ሳይክል ዳገትና ቁልቁለት አይሞከርበትም።

ጎማው ላይ ጊዜ ውሰዱ። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል። በጥርሶቹ መካከል በአውራ ጣት ጫን ብላችሁ ከፈት አድርጋችሁ እዩ። ጥቃቅን ስንጥቆች ከታዩ ወይም በጎኑ በኩል ክሩ ብቅ ካለ ይቀየር። ደህና ከመሰለ ንፉትና አሳድሩት። ጠዋት ከተነፈሰ ችግሩ ካላማዳሪያው ወይም ቫልቩ ነው።

ፍሬን ላይ ቀልድ የለም። የድሮ ሳይክሎች ብዙዎቹ ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዝ ፍሬን አላቸው። ላስቲኩ ዓመታት ሲቆይ ይደርቅና ያብለጨልጫል፤ ቢጨመቅም አይዝም። ገመዱ ደግሞ በሽፋኑ ውስጥ ይዝጋል። ሁለቱንም አንድ ላይ መቀየር ይሻላል። ሳይክሉ የዘይት ዲስክ ፍሬን ካለውና እጀታውን ስትጨምቁት መሪው ድረስ ከደረሰ፣ አየር ገብቶበታል ወይም ዘይቱ አልቋል። እዚህ ላይ በሙከራ አትግቡ። የፍሬን ዘይት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ዶት የሚባለው፣ ሌላው ሚኒራል ዘይት። ተቀላቅለው ወይም ተለዋውጠው ከገቡ የውስጥ ጎሚኒዎቹን ያበላሻሉ። የትኛው እንደሚገባ ብዙ ጊዜ እጀታው ላይ ተጽፏል። ለመካኒክ መስጠት ነው።

ሰንሰለቱን ዘይት ስትቀቡ የሚረጭ ዘይት ወደ ፍሬን ዲስኩ አካባቢ አታድርሱ። አንድ ብናኝ ዲስኩ ላይ ካረፈ ሸራው ይጠጣውና ፍሬኑ እየጮኸ አልይዝ ይላል። ጠብ ጠብ የሚል ዘይት ተጠቀሙ፤ ትርፉንም በጨርቅ ጥረጉት።

ሰንሰለት በአገልግሎት ብዛት ይረዝማል። ለመለካት ማስመሪያ ይበቃል። አዲስ ሰንሰለት ላይ ከአንድ ፒን ጀምራችሁ 24 ፒን ብትቆጥሩ 304.8 ሚሊሜትር፣ ማለትም ልክ 12 ኢንች ይሆናል። አንድ ተኩል ሚሊሜትር ያህል ካለፈ መቀየሪያው ደርሷል። ዝም ብለው ከነዱት የማርሹን ጥርስ ይበላል፤ ያ ደግሞ ወጪው ሌላ ነው።

የቀረው ፈጣን ነው። የፊት ፍሬኑን ጨምቃችሁ ሳይክሉን ወደፊት ወደኋላ ግፉት፤ መሪው ሥር ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል። ጎማዎቹን አንሥታችሁ አሽከርክሩ፤ ቸርኬው ግራ ቀኝ ከተወላገደ ይስተካከል። ሾኩን ወደታች ጫኑት፤ ዘይት ካንጠባጠበ ወይም ወርዶ ከቀረ አገልግሎት ይፈልጋል።

ሳይክሉም ተለውጧል

የተራራ ሳይክል እንደ ስፖርት የተወለደው በ1970ዎቹ በሰሜን ካሊፎርኒያ፣ በማሪን አውራጃ ኮረብታዎች ላይ ነው። ወጣቶች ከባባድ አሮጌ ሳይክሎችን እየለወጡ የአፈር መንገድ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ፍሬናቸው ወደኋላ በመርገጥ የሚሠራ ስለነበር አንድ ቁልቁለት ወርደው ሲጨርሱ የኋላ ሞዞው ግሪስ ተቃጥሎ ይጨስ ነበር። በ1996 አትላንታ ላይ የኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለው ለውጥ ግን ከዚያ በፊት ከነበረው የሚያንስ አይደለም።

ድሮ ስትነዱ ጎማው 26 ኢንች ነበር። ዛሬ አብዛኛው 29 ነው፤ 27.5ም አለ። ትልቅ ጎማ ድንጋይና ሥር ላይ ሲወጣ ያን ያህል አይደናቀፍም። የፊት ጥርስ ሦስት መሆኑ ቀርቷል፤ አሁን ፊት አንድ፣ ኋላ እስከ 12 ነው፤ ለግራ እጅ የማርሽ ሥራ የለውም። መሪው ሰፍቷል፤ የድሮው 60 ሴንቲሜትር ገደማ ከነበረ የአሁኑ ከ74 እስከ 80 ነው። ብዙ ጎማዎች ያለ ካላማዳሪያ በውስጣቸው ፈሳሽ ማሸጊያ ይዘው ይሠራሉ፤ እሾህ ሲወጋቸው ራሳቸው ይደፍናሉ። ማሸጊያው በጥቂት ወራት ስለሚደርቅ መጨመር አይረሳ።

ከሁሉ በላይ እኔ የምወደው ድሮፐር የሚባለውን ነው። መሪው ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭናችሁ ስትቀመጡበት ኮርቻው ዝቅ ይላል፤ ቁልቁለቱ ሲያልቅ ደግሞ ቁልፏን ስትጫኑ ተነሥቶ ይመለሳል። ድሮ እየወረዱ፣ ኮርቻውን በእጅ እየፈቱ፣ ዝቅ አድርገው እንደገና ያስሩ ነበር።

ይህን ሁሉ የምለው ግዙ ለማለት አይደለም። ፍሬኑ የሚይዝ አሮጌ ባለ 26 ሳይክል ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃል። ዘመናዊ ሳይክል ከተዋሳችሁ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ጎርባጣውን ስለሚውጥላችሁ ፍጥነታችሁ አይታወቃችሁም። ድሮ 15 ኪሎሜትር በሰዓት ላይ ያስፈራ የነበረ መንገድ አሁን በ25 ምንም አይመስልም። ስትወድቁ ግን የምትወድቁት በ25 ነው።

ለራስ ማስተካከል

ኮርቻው ላይ ተቀመጡ፤ ግድግዳ ተደገፉ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ፔዳሉን ወደታች ውሰዱት። እግራችሁ ልክ ቀጥ ማለት አለበት። ያኔ በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ ታጥፎ ይቀራል፤ ለዳገትና ለሜዳ ትክክለኛው ከፍታ ይሄ ነው። ድሮፐር ከሌላችሁ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ከዚያ ሦስት አራት ሴንቲሜትር ዝቅ አድርጉት። ለዳገት ትንሽ ይከብዳል፤ መሬት ለመርገጥ ግን ይቀላል።

የፍሬን እጀታው በአንድ ጣት፣ በሌባ ጣት፣ የሚደረስ መሆን አለበት። የቀሩት ጣቶች መሪውን ይያዙ። የተዋሳችሁት ሳይክል ከሆነ የፊት ፍሬኑ በየትኛው እጅ እንደሆነ ሳትነሡ አረጋግጡ። በአንዳንድ አገር በቀኝ ነው፣ በሌላው በግራ። ቁልቁለት ላይ መማር አይመከርም።

የጎማ አየር ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። "ጥንክር ያለ ይሻላል" የሚለው ለአስፋልት ነው። አፈር ላይ ጠንካራ ጎማ ይነጥራል፣ አይዝም። 75 ኪሎ አካባቢ ለሚመዝን ሰው፣ 2.3 ወይም 2.4 ኢንች ስፋት ላለውና ካላማዳሪያ ለሌለው ጎማ፣ ፊት 22 ኋላ 25 ፒኤስአይ (ፓምፕ ላይ የሚነበብ የአየር ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ካላማዳሪያ ካለ ከዚያ አምስት ስድስት ጨምሩ፤ አለበለዚያ ድንጋይ ሲመታ ካላማዳሪያው ቸርኬው ላይ ተጨፍልቆ ይበሳል። ቀጭን የድሮ ጎማ ከሆነ ደግሞ ከ32 በላይ ይሁን። ፓምፓችሁ በባር የሚያሳይ ከሆነ አንድ ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው።

ሾኩ በአየር የሚሠራ ከሆነ ስትቆሙበት የተወሰነ መውረድ አለበት፤ የፊቱ ከጠቅላላ እንቅስቃሴው 20 በመቶ፣ የኋላው ከ25 እስከ 30 በመቶ። 120 ሚሊሜትር ያለው የፊት ሾክ 24 ሚሊሜትር ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። ሾኩ ላይ ያለችው ትንሿ የላስቲክ ቀለበት የወረደበትን ታሳያችኋለች።

ልብስ ላይ ብዙ አልቆይም። ሄልሜት፣ ጓንት፣ መነጽር፣ የጉልበት መከላከያ፣ ሶሉ ጠፍጣፋ የሆነ የተሸፈነ ጫማ። የድሮው ሄልሜት አንዴ ከወደቃችሁበት ወይም ፎሙ ከተሰነጠቀ አይሆንም፤ ዕድሜው ብዙ ከሆነም ቀይሩት። ጫማ የሚቆልፍ ፔዳል ለጊዜው ይቆይ። እግር በፍጥነት መሬት መድረስ ባለበት ወቅት ላይ ናችሁ።

ተራራ ከመውጣት በፊት፦ ሜዳ

ባዶ የመኪና ማቆሚያ ወይም ሣር ያለበት ሜዳ ፈልጉ። ግማሽ ሰዓት እዚያ ማሳለፍ ያሰለቻል። ቢሆንም ከዚህ ሁሉ ምክር አንዱን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

መጀመሪያ አቋም። ፔዳሎቹን አግድም አስተካክላችሁ ተነሥታችሁ ቁሙ። ጉልበት ይታጠፍ፣ ክርን ወደ ውጭ ይከፈት፣ ተረከዝ ትንሽ ወደታች ይውረድ፣ ደረት ዝቅ ይበል። ክብደታችሁ እግራችሁ ላይ እንጂ እጃችሁ ላይ አይሁን። ለመፈተሽ ቀላል ነው፤ እየሄዳችሁ ጣቶቻችሁን ከመሪው ላይ ላላ አድርጉ። ወደፊት ከወደቃችሁ ክብደቱ እጅ ላይ ነበር።

ቀጥሎ ፍሬን። መሬት ላይ መስመር አስምሩ ወይም ጠጠር አስቀምጡ። በመጠነኛ ፍጥነት ኑና ልክ እዚያ ለመቆም ሞክሩ። መጀመሪያ በኋላው ብቻ። ጎማው ተንሸራቶ መስመሩን ታልፋላችሁ። ከዚያ በፊቱ ብቻ፣ በቀስታ እየጨመቃችሁ። በጣም ባጠረ ርቀት ትቆማላችሁ፤ ሳይክሉ ሲቆም ክብደት ወደፊት ስለሚሄድ አብዛኛው የማቆም ኃይል ያለው ፊት ነው። ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ፣ ተረከዛችሁን እየጣላችሁ፣ ዳሌያችሁን ወደኋላና ዝቅ እያደረጋችሁ። የፊት ፍሬን የሚገለብጠው በአንድ ጊዜ ጨብጠውት ሰውነት ወደፊት ሲያዘነብል ነው። ሸራው ወይም ዲስኩ አዲስ ከሆነ ከዚህ ልምምድ በፊት ሃያ ጊዜ ያህል ፈጠን እያሉ፣ ጎማ ሳይቆለፍ ወደ እርምጃ ፍጥነት ማውረድ ያስፈልጋል፤ ያኔ ነው በደንብ መያዝ የሚጀምረው።

መታጠፊያ ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ከመግባት በፊት ነው። ከገቡ በኋላ የፊት ፍሬን መጨበጥ ጎማውን ያንሸራትታል። በውጭ በኩል ያለው እግር ወደታች፣ ክብደት እሱ ላይ፤ ሳይክሉን አዘንብሉት፣ ራሳችሁ ግን ከእሱ ይልቅ ቀጥ በሉ። ዓይናችሁም መውጫው ላይ ይሁን። የምትፈሩትን ድንጋይ ካያችሁ ድንጋዩ ላይ ትሄዳላችሁ። ይሄ ሁሌም ይሠራል፤ በሚያሳዝን ሁኔታ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

አንደኛና ሁለተኛ ሳምንት፦ ሜዳና ለስላሳ የአፈር መንገድ፣ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ የዕረፍት ቀን። ፍጥነቱ እያወሩ መሄድ የሚያስችል ይሁን። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ቀንሱ።

ከሦስተኛው ጀምሮ አጫጭር ዳገት ያለበት ቀላል መንገድ፣ እስከ አንድ ሰዓት። ከዚያ በኋላ በእናንተ ይወሰናል። አንድ ሕግ ብቻ፦ በአንድ ሳምንት ውስጥ ወይ ጊዜውን ጨምሩ ወይ የመንገዱን ከባድነት፤ ሁለቱን አንድ ላይ አይሆንም።

ለብስክሌት የተዘጋጁ መንገዶች በብዙ ቦታ በቀለም ይመደባሉ። አረንጓዴ ቀላል፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ ነው። በብሪታንያ በሰማያዊና በጥቁር መካከል ቀይ አለ። ድሮ ጥቁር የነዳችሁ ብትሆኑም ከአረንጓዴ ጀምሩ። ማንም አይታዘባችሁም።

ዳገት ላይ ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ሳይጀምር ነው። መሐል ላይ እየረገጡ ከቀየሩ ሰንሰለቱ ይንገጫገጫል፣ ሊበጠስም ይችላል። ኮርቻው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፣ ደረት ዝቅ ይበል፤ ያኔ የፊት ጎማ አይነሣም፣ የኋላውም አይሽከረከርም። ካልሆነ ወርዳችሁ ግፉ። ቁልቁለትም ቢሆን ዓይናችሁ ያልወደደውን ቦታ ቆማችሁ በእግር ሂዱና ተመልከቱት።

መንገድ ላይ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ ስጡ። የሚወርደው ለሚወጣው ይቆማል። ዝናብ ያራሰውን ጭቃ መንገድ ተዉት፤ ጎማ ያረሰው ቦይ ሲደርቅ እንዳለ ይቀራል።

ቦርሳ ውስጥ ውሃ፣ መለዋወጫ ካላማዳሪያ፣ የጎማ ማውለቂያ፣ ፓምፕ፣ የመፍቻ ስብስብ፣ የሰንሰለት ማያያዣና ስልክ ይኑር። የት እንደምትሄዱ ለአንድ ሰው ንገሩ። ጎማ መቀየር ከረሳችሁ ቤት ውስጥ አንዴ ተለማመዱት።

"አንድ ዙር ልድገም" ስትሉ ጭናችሁ ደክሞ እጃችሁ መሪውን መጭመቅ ከጀመረ፣ አይደገም። የደከመ ሰው ይቀመጣል፤ የተቀመጠ ሰው ድንጋይ ሲመታው ይወረወራል።

ሲያም

በማግሥቱና ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ጡንቻ ቢያም የተለመደ ነው፤ በሦስት ቀን ገደማ ይለቃል። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ግን ሌላ ነው። ጉልበት ከፊት ካመመ ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ካመመ ከፍ ብሏል። በግማሽ ሴንቲሜትር እያስተካከላችሁ ሞክሩ። እጅ የሚደነዝዝ ከሆነ ክብደታችሁ መሪው ላይ ነው፤ ወደ ሜዳው ልምምድ ተመለሱ።

ወድቃችሁ ጭንቅላት ከተመታ የዚያን ቀን መንዳት አበቃ፤ ደህና ቢመስላችሁም። እጃችሁን ዘርግታችሁ ከወደቃችሁና ከአውራ ጣት ሥር፣ አንጓው ላይ የሚያም ከሆነ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። እዚያ ያለች ትንሽ አጥንት ስትሰበር በመጀመሪያው ራጅ ላይታይ ትችላለች፤ ሕመሙ ከቀጠለ እንደገና ይታይ።

መግዛት

ሁለት ወር ያህል ከነዳችሁና አሁንም መንዳት ከፈለጋችሁ፣ ያኔ ሳይክል ማየት ጀምሩ። ለአብዛኛው ሰው ከፊት ብቻ ሾክ ያለው፣ ከ100 እስከ 130 ሚሊሜትር የሚንቀሳቀስ ሳይክል ይበቃል። ቀላል ነው፣ የሚበላሽበት ነገር ትንሽ ነው፣ መስመር መምረጥንም ያስተምራል። በተመሳሳይ ገንዘብ ሁለት ሾክ ያለው ርካሽ ሳይክልና አንድ ሾክ ያለው ጥሩ ሳይክል ከቀረበላችሁ፣ ሁለተኛውን ውሰዱ።

ያገለገለ ከሆነ ሾኩ መቼ አገልግሎት እንዳገኘ ጠይቁ፤ የኋላ ሾክ ካለው መጋጠሚያዎቹን እየነቀነቃችሁ ፈትሹ። ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለኩ። ከዚያ ነድታችሁ ሞክሩት፤ ቆማችሁም ተቀምጣችሁም። ሻጩ መሞከር ከከለከለ ሌላ ፈልጉ።